ምዕራፍ ሰባት፦ በረዶ ያልበላው አለት

ስኮትላንድን ለመጎብኘት የተነሣ ሰው የትኛውንም የጉዞ መጽሐፍ ቢገልጥ የሚያገኘው ዝርዝር ያው ነው፦ የኤድንብራ ግንብ፣ የስተርሊንግ ግንብ፣ ግሌን ኮ፣ ሎክ ነስ፣ የምዕራብ ደሴቶች። ግንቡን ማን እንደ ሠራው፣ ማን እንደ ከበበው፣ ማን እንዳፈረሰው በደንብ ተጽፏል። ለምን እዚያ ቦታ ላይ እንደ ተሠራ ግን የሚናገር ጥቂት ነው። ሁለት መቶ ሜትር ወዲህ ወይም ወዲያ ለምን አልሆነም? መልሱ የንጉሥ ምርጫ ብቻ ይመስላል። ንጉሡ ግን የመረጠው ከቀረበለት ነው፤ ያቀረበለት ደግሞ አለቱ ነው።

በምዕራፍ ሦስት ስለ አድዋ ተራሮች ስናነሣ፣ ቅልጥ አለት በእሳተ ገሞራ ጉሮሮ ውስጥ ረግቶ ሲጠነክር ዙሪያው ተሸርሽሮ እሱ ብቻውን እንደሚቀር አይተናል። በምዕራፍ አምስት ደግሞ በስሜንና በባሌ ተራሮች አናት ላይ በአንድ ዘመን የበረዶ ግግር እንደ ነበረ፣ ምልክቱም ዛሬ ድረስ እንደሚታይ ተነጋግረናል። በአገራችን እነዚህ ሁለት ታሪኮች ተራርቀው የሚገኙ ናቸው። በስኮትላንድ ግን አንዱ በሌላው ላይ ወድቋል፤ እሳት የሠራውን አለት በረዶ ቀርጾታል። ዓመቶቹን እንደ እስካሁኑ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን።

ጎርፍና ቋጥኝ

በክረምት ደራሽ ውሃ የወረደበትን ወንዝ፣ ጎርፉ ካለፈ በኋላ ወርደው ይመልከቱ። መሀሉ ላይ ውሃው ሊያንከባልለው ያልቻለ ትልቅ ቋጥኝ ይኖራል። ውሃው በመጣበት በኩል፣ ከቋጥኙ ፊትና ግራ ቀኝ፣ አፈሩ ተቦርቡሮ ጉድጓድ ሆኗል። ከቋጥኙ ጀርባ ግን ሌላ ነው፤ እዚያ ጎርፉ ስላልደረሰበት የተረፈ መሬት እንደ ጅራት እየቀጠነ፣ እየዘቀዘቀ ይሄዳል። ጅራቱ ወደየት እንደሚያመለክት ያየ ሰው፣ ወንዙ ቢደርቅም እንኳ ጎርፉ ከየት ወዴት እንደ ሄደ ያውቃል።

አሁን ቋጥኙን ወደ ኮረብታ፣ ጎርፉንም ውፍረቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር ወደሚበልጥ የበረዶ ግግር እንለውጠው። ከ20 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ስኮትላንድ በሙሉ በእንዲህ ያለ በረዶ ሥር ነበረች። የበረዶ ግግር ዝም ብሎ የተቀመጠ ነገር አይደለም፤ በገዛ ክብደቱ እየተገፋ በጣም በዝግታ ይፈስሳል። ከሥሩ የነከሳቸውን ድንጋዮች ይዞ ስለሚጎተት መሬቱን ይሞርዳል። ለስላሳውን አለት ይበላል፣ ጠንካራው ጋ ሲደርስ ይከፈልና በጎንና በጎኑ ያልፋል። ቋጥኙ ጀርባ ያለው ለስላሳ አለት በጥላው ሥር ይተርፋል።

ኤድንብራ የተመሠረተችው በዚህ ቅርጽ ላይ ነው። ግንቡ የተቀመጠበት አለት ከ340 እስከ 350 ሚሊዮን ዓመት በፊት ይተነፍስ የነበረ እሳተ ገሞራ ጉሮሮ ነው፤ እኛ በቤት ሥራ ጥቁር ድንጋይ የምንለው ዓይነት፣ ጠጣርና ከባድ። በዙሪያው የነበረው የአሸዋ ድንጋይና የጭቃ ድንጋይ ነው። በረዶው ከምዕራብ መጣ። የአለቱን ፊትና ሁለት ጎኖች እየቦረቦረ ገደል አደረጋቸው፤ በስተ ምሥራቅ ግን ጅራቱን ተወው። የዛሬ ጎብኚ ከግንቡ በር ተነሥቶ እስከ ሆሊሩድ ቤተ መንግሥት ድረስ ወደ ሁለት ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን ሮያል ማይል የተባለውን ጎዳና ቁልቁል ሲወርድ፣ የሚረግጠው የዚህን ጅራት ጀርባ ነው። አብዛኛው ሰው ይህን ሳያውቅ ቡናውን ጠጥቶ፣ ፎቶውን ተነሥቶ ይመለሳል።

ይህን ሁሉ በአንድ እይታ ማየት የሚፈልግ ሰው ግንቡ ላይ መውጣት የለበትም። በስተ ሰሜን ባለው ፕሪንስስ ስትሪት ቆሞ ወደ ደቡብ ይመልከት። በቀኝ ገደሉ ከነግንቡ ይታያል፤ ከዚያ ወደ ግራ የቤቶቹ ጣሪያ ቀስ በቀስ እየዘቀዘቀ ይወርዳል።

ጅራት ላይ የበቀለች ከተማ

ሦስት ጎኑ ገደል፣ አንዱ ጎኑ መንገድ የሆነ ቦታ ለምሽግ እንደሚመች ለአበሻ ማስረዳት አያስፈልግም፤ አምባ የሚያውቅ ሕዝብ ነው። ግን አምባም ድክመት አለው። የኤድንብራ ድክመት ሁለት ነው፤ ሁለቱም ከአለቱ የመጡ ናቸው።

የመጀመሪያው ውሃ ነው። ይህ ዓይነት አለት ውሃ አያሳልፍም፣ አያጠራቅምም። ግንቡ ውስጥ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ ነበር፤ የሚሰጠው ውሃ ግን ለብዙ ሰው የሚበቃ አልነበረም። በ1573 በረጅሙ ከበባ መጨረሻ ላይ የእንግሊዝ መድፍ ታላቁን ማማ ሲንደው ፍርስራሹ ጉድጓዱን ደፈነው፤ ውሃ ያጣው የግንቡ ጦርም ብዙ ሳይቆይ እጁን ሰጠ። ሁለተኛው ድክመት ሰው በገደሉ መመካቱ ነው። በ1314 መጋቢት ወር በአንዲት ሌሊት ቶማስ ራንዶልፍ ሠላሳ ያህል ሰው ይዞ በሰሜኑ ገደል ላይ ወጣና ግንቡን ከእንግሊዞች እጅ ነጠቀ። መንገዱን ያሳየው ቀድሞ በግንቡ ይኖር የነበረ ዊልያም ፍራንሲስ የሚባል ሰው ነው። ከተማ ውስጥ ወዳለች ወዳጁ ለመሄድ ሌሊት ሌሊት በዚያ ገደል ይወርድ ነበር ይባላል።

የከተማው ሕዝብ ደግሞ ጅራቱ ላይ ሰፈረ። ጅራቱ ጠባብ ነው። ሰሜኑን በረዶው የቦረቦረው ጎድጓዳ ቦታ ይዞታል፤ እዚያ ላይ በ15ኛው መቶ ዘመን ውሃ ተገድቦ ሐይቅ ተሠራበት። ደቡቡም ተመሳሳይ ጎድጓዳ ነው፤ ዛሬ ግራስማርኬት የሚባለው የቀድሞ የከብት ገበያ ያለው እዚያ ነው። ሕዝቡ ሲበዛ ወደ ጎን መስፋት አልተቻለም። ስለዚህ ቤቶቹ ወደ ላይ አደጉ፤ አሥር ፎቅና ከዚያ በላይ የሆኑ የድንጋይ ቤቶች ሊፍት በሌለበት ዘመን ተሠሩ። በመካከላቸው ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፉ መተላለፊያዎች ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቁልቁል ይወርዳሉ። የከተማው ቆሻሻ ሁሉ መጨረሻው ያ የሰሜኑ ሐይቅ ነበር። ከ1759 ጀምሮ ሐይቁ ሲደርቅና በ1767 ከማዶ አዲሱ ከተማ ሲታቀድ ነው ኤድንብራ ከጅራቱ ላይ የወረደችው። ሐይቁ የነበረበት ጎድጓዳ አሁን የአበባ መናፈሻና ዋናው የባቡር ጣቢያ ሆኗል። አሮጌውና አዲሱ ከተማ በአንድነት በ1995 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገቡ።

ለኢትዮጵያዊ ጎብኚ አንድ ተጨማሪ ማቆሚያ አለ። በፕሪንስስ ስትሪት ምዕራባዊ ጫፍ፣ ከግንቡ ገደል ብዙም ሳይርቅ፣ የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። በ1868 ከመቅደላ የተዘረፈ አንድ ታቦት ለዘመናት ተረስቶ የኖረው በዚህ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር። በ2001 ተገኘ፤ በ2002 ቤተ ክርስቲያኑ በፈቃዱ ለኢትዮጵያ መለሰው። ከአገር የወጡ ቅርሶችን የማስመለስ ክርክር በተነሣ ቁጥር ይህ መጠቀስ ያለበት ምሳሌ ነው።

ንጽጽሩ ያሳሳታቸው ሊቃውንት

ከላይ የተጠቀምንበት የጎርፍና የቋጥኝ ንጽጽር አንድ አደጋ አለው። ይህ አደጋ እኛ የፈጠርነው አይደለም፤ የኤድንብራ ሊቃውንት ራሳቸው ወድቀውበታል። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሰር ጀምስ ሆል የግንቡን አለትና ጅራቱን በጥሞና መርምሮ፣ ይህን የሠራው ከባሕር የተነሣ እጅግ ግዙፍ የውሃ ማዕበል ነው ብሎ ደመደመ። ቅርጹን በትክክል አንብቧል። የሚያውቀው ጎርፍ ግን የውሃ ጎርፍ ብቻ ነበር።

ውሃንና በረዶን የሚለያያቸው ምንድን ነው? ውሃ ድንጋይን ያሞላልላል፣ ደቃቁን ከሻካራው ይለያል፤ ከባዱን ቀድሞ ይጥላል፣ ቀላሉን ርቆ ይወስዳል። በረዶ መምረጥ አያውቅም። ቤት የሚያህለውን ድንጋይና ዱቄት የመሰለውን ጭቃ አንድ ላይ ጭኖ፣ ሲቀልጥ አንድ ላይ ይዘረግፈዋል። በተጨማሪም ውሃ አለትን ያለሰልሳል እንጂ አይጭርም። በረዶ ግን ከሥሩ በያዛቸው ድንጋዮች በአንድ አቅጣጫ የተሰመሩ ቀጥተኛ ጭረቶችን ትቶ ያልፋል። በ1840 የስዊስ ሊቅ ሉዊ አጋሲ በአልፕስ ተራሮች ያጠናውን ዕውቀት ይዞ ኤድንብራ መጣ። በከተማዋ ደቡብ ብላክፎርድ በተባለ ኮረብታ ሥር ያለን አንድ አለት አሳዩት፤ ጭረቱንም አይቶ የበረዶ ሥራ መሆኑን መሰከረ። አለቱ ዛሬ በእሱ ስም ይጠራል፤ በነጻ ይታያል።

በዚያው ዓመት አጋሲ ወደ ሰሜን ተጉዞ ግሌን ሮይ የተባለውን ሸለቆ አየ። በሸለቆው ግራና ቀኝ ተዳፋት ላይ ከባሕር ጠለል በላይ በ260፣ በ325 እና በ350 ሜትር ገደማ ሦስት መስመሮች ይታያሉ፤ በውኃ ልክ የተሰመሩ ያህል የተስተካከሉ ናቸው። የአካባቢው ሰው የጥንት ጀግኖች የአደን መንገድ ይላቸው ነበር። ቻርልስ ዳርዊን ቦታውን ጎብኝቶ በ1839 ባወጣው ጽሑፍ የባሕር ዳርቻ ናቸው አለ። አጋሲ ግን የሸለቆውን አፍ የበረዶ ግግር ዘግቶት እንደ ነበረ፣ ውሃው ወደ ኋላ ተጠራቅሞ ሐይቅ እንደ ሆነ፣ መስመሮቹም የሐይቁ ዳርቻዎች እንደ ሆኑ አስረዳ። የሐይቁ ከፍታ በረዶው በገፋና ባፈገፈገ ቁጥር ተለዋወጠ፤ በእያንዳንዱ ከፍታ ላይ ቆይቶ አንዳንድ መስመር ትቶ ሄደ። ዳርዊን ከሃያ ዓመት በላይ ተከራክሮ በመጨረሻ መሳሳቱን አመነ። በእኔ ግምት ግሌን ሮይ ከሎክ ነስ ይበልጥ መታየት የሚገባው ቦታ ነው፤ የሚሄድበት ሰው ግን እጅግ ጥቂት ነው።

ወደ ስተርሊንግ፣ በብሩስ አገር በኩል

ከኤድንብራ ወደ ስተርሊንግ ሲኬድ በመሀል ላርበርት የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በአጠገቧ ባለው የኪኔርድ ርስት በ1730 የተወለደው ጀምስ ብሩስ ነው፤ በ1769 በምጽዋ በኩል ገብቶ ጎንደር የሰነበተው፣ መጽሐፈ ሄኖክን ከነሌሎች የግዕዝ መጻሕፍት ይዞ አውሮፓ የተመለሰው። የዓባይን ምንጭ ለማየት ያን ሁሉ አገር አቋርጦ በሰላም የገባ ሰው፣ በ1794 ከገዛ ቤቱ ደረጃ ላይ ወድቆ ሞተ። መቃብሩ ላርበርት ነው።

ብሩስን እዚህ ያነሣነው ወገናችንን ስለሚነካ ብቻ አይደለም። የብሩስ ሀብት የመጣው ከርስቱ ሥር ከነበረው የድንጋይ ከሰል ነው፤ ከሰሉ በአቅራቢያው ላለው የካሮን ብረት ማቅለጫ ይሸጥ ነበር። ከሰሉ የዚያ ጥንታዊ ዘመን ውጤት ነው። የኤድንብራ እሳተ ገሞራ በሚፈነዳበትና ከዚያ በተከተለው ዘመን ስኮትላንድ የምትገኘው በምድር ወገብ አጠገብ ነበር፤ ረግረግና ጥቅጥቅ ደን ይሸፍናት ነበር። አህጉራት እንዴት እንደሚጓዙ በምዕራፍ ሁለት ስላየን አሁን አያስደንቀንም። እንግዲህ ብሩስን እስከ ሰከላ ያደረሰው ገንዘብ ከዚያ ደን የተገኘ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ስተርሊንግ የኤድንብራ ታናሽ እህት ናት፤ ገደል፣ ግንብ፣ ከኋላ የሚዘቀዝቅ ጅራት፣ ጅራቱ ላይ አሮጌ ከተማ። አለቱ ግን የእሳተ ገሞራ ጉሮሮ አይደለም። እዚህ ቅልጥ አለቱ ወደ ላይ መውጣት ትቶ በአለት ንብርብሮች መካከል ወደ ጎን ገብቶ ነው የረጋው፤ ዕድሜውም ወደ 300 ሚሊዮን ዓመት ነው።

ስተርሊንግን የያዘ ስኮትላንድን ያዘ የተባለው ግን በአለቱ ጥንካሬ ብቻ አይደለም። ከከተማዋ በስተ ምዕራብ ሰፊ ሜዳ አለ። በረዶው በክብደቱ መሬቱን ወደ ታች ተጭኖት ስለ ነበር፣ ሲቀልጥ መሬቱ ገና ቀና ሳይል ባሕር ገባበትና ጭቃውን አነጠፈ። በኋላ መሬቱ ቀስ እያለ ሲነሣ ባሕሩ አፈገፈገ። ማስረጃ የሚሻ ሰው ካለ፣ በ1819 በከተማዋ አቅራቢያ ከእርሻ መሬት ውስጥ የዓሣ ነባሪ አጽም ተቆፍሮ ወጥቷል። ያ ጭቃ እስከ 18ኛው መቶ ዘመን ድረስ ፈረስና ጋሪ የሚያሰጥም ረግረግ ነበር። ከደቡብ ወደ ሰሜን የሚሻገር ጦር ሁሉ ስለዚህ በስተርሊንግ ድልድይ ማለፍ ግድ ሆነበት። ዊልያም ዋላስ በ1297 እንግሊዞችን ድል የነሣው በዚሁ ድልድይ ነው፤ የስኮትላንድ ንጉሥ ሮበርት ብሩስም በ1314 በባኖክበርን ያሸነፈው ከግንቡ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ነው። ሁለቱም እንግሊዞቹ ረግረግ ላይ ተጨናንቀው መንቀሳቀስ እስኪሳናቸው ጠብቀው መቱ።

ደካማው አለት ሲሸነፍ

እስካሁን ያወራነው ጎርፉ ስላልቻለው ቋጥኝ ነው። የተቦረቦረው ጉድጓድ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው።

የስኮትላንድን ካርታ ያየ ሰው ከኢንቨርነስ እስከ ፎርት ዊልያም አገሪቱን በሰያፍ የሚሰነጥቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ቀጥ ያለ መስመር ያገኛል። ከ400 ሚሊዮን ዓመት በፊት የተፈጠረ ትልቅ ስንጥቅ ነው። ከእኛ ስምጥ ሸለቆ ጋር መምታታት የለበትም። የእኛው መሬቱ ወዲህና ወዲያ ሲጎተት መሀሉ የሰመጠ ነው፤ ይህኛው ሁለት የመሬት ክፍሎች ጎን ለጎን ተፋትገው ያለፉበት ነው። በፍትጊያው መሀል የነበረው አለት ደቀቀ። በረዶው ሲመጣ ያገኘው የደቀቀ አለት ስለ ነበር ያለ ችግር ማሰ። ሎክ ነስ የዚህ ውጤት ነው፦ ርዝመቱ ወደ 37 ኪሎ ሜትር፣ ጥልቀቱ እስከ 230 ሜትር። የሐይቁ ገጽ ከባሕር በላይ 16 ሜትር ብቻ ስለሆነ ወለሉ ከባሕር ጠለል በታች ከ200 ሜትር በላይ ይወርዳል። ወደ ባሕር የሚፈስስ ወንዝ ከባሕር በታች መቆፈር አይችልም፤ ይህን የሚችለው በረዶ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ ያሉ ሐይቆች ሁሉ ተደምረው የሎክ ነስን ያህል ውሃ አይዙም። ከ1933 ጀምሮ ዝናው የገነነው አውሬ እስካሁን አልተገኘም፤ ስለ እሱ ከዚህ በላይ ቀለም አላባክንም።

ግሌን ኮ ከዚህ ሁሉ የሚያስፈራው ነው። ከ420 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ እዚህ የነበረው እሳተ ገሞራ ከሥሩ ያለውን ቅልጥ አለት ሲተፋ ጣሪያው ወደ ውስጥ ተደረመሰ። እንዲህ ያለ መደርመስ በጥንታዊ አለት ላይ ተነቦ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጻፈውም ስለዚህ ሸለቆ፣ በ1909 ነው። በኋላ በረዶው ሸለቆውን ግድግዳው ቀጥ ያለ፣ ወለሉ ሰፊ አድርጎ ሞረደው። በጎን ያሉት ትንንሽ ሸለቆዎች የዋናውን ያህል ስላልተቆፈሩ ከፍ ብለው ተንጠልጥለው ቀሩ። ከእነዚህ አንዱ አፉ በናዳ ድንጋይ ተዘግቶ ከታች አይታይም፤ የማክዶናልድ ጎሣ ከብቶቹን የሚደብቀው እዚያ ነበር። የካቲት 13 ቀን 1692 ማለዳ ግን ሸለቆው ራሱ ወጥመድ ሆነ። ለሁለት ሳምንት ያህል በየቤታቸው በእንግድነት ሲበሉና ሲጠጡ የሰነበቱ የመንግሥት ወታደሮች አስተናጋጆቻቸውን ገደሉ። 38 ሰዎች በጦር መሣሪያ ሞቱ። ያመለጡት ብዙዎቹ በበረዶ ውሽንፍር ውስጥ በእነዚያ ገደሎች ላይ ሲወጡ በብርድ አለቁ። ስኮትላንዳውያን ይህን እስካሁን የማይረሱት በተገደለው ሰው ብዛት አይደለም፤ እንጀራ በልቶ መክዳት ስለሆነ ነው።

ለማየት ያሰቡ

ስለ ምዕራብ ደሴቶች ጥቂት ብቻ። ስታፋ የተባለችው ትንሽ ደሴት በአብዛኛው ስድስት ማዕዘን ባላቸው የጥቁር ድንጋይ ዓምዶች የቆመች ናት፤ ቅልጥ አለቱ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ እየተኮማተረ የተሰነጠቀበት ቅርጽ ነው። ዕድሜው ወደ 60 ሚሊዮን ዓመት ሲሆን፣ የሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ ሲከፈት ከፈሰሰው ቅልጥ አለት ነው። የእኛን ደጋ የሠራው የቅልጥ አለት ጎርፍ በግማሽ ያህል ያነሰ ዕድሜ አለው። ሙዚቀኛው ሜንደልሶን በ1829 ዋሻዋን ጎብኝቶ ታዋቂ ሥራውን በእሷ መንፈስ ደርሷል። ባሕሩ ከተቆጣ ጀልባ አይጠጋትም፤ ስለዚህ ለእሷ ትርፍ ቀን መያዝ ይገባል።

ጊዜው አጭር የሆነበት ሰው ግን ኤድንብራ ይብቃው። የግንቡ መግቢያ በገንዘብ ነው፤ በበጋ ሰልፉም ረጅም ነው። ከሆሊሩድ ቤተ መንግሥት አጠገብ የሚነሣው የአርተርስ ሲት ኮረብታ ያለ ክፍያ ይወጣል፤ ከፍታው 251 ሜትር ነው፣ እሱም የዚያው ዘመን እሳተ ገሞራ ነው። ከአናቱ ሆነው ወደ ምዕራብ ሲመለከቱ ግንቡ፣ ገደሉና ጅራቱ አንድ ላይ ይታያሉ። ነፋሱ ብርቱ ነው፤ አለቱም በብዙ እግር ተረግጦ ለስልሷል። ስለዚህ ሶሉ የማያንሸራትት ጫማ ያድርጉ።